ወንፈል በኮምፒውተር፦ የሰርን ዓለም አቀፍ የስሌት ግሪድ፣ ትሩፋቱና ዕዳው

ጁላይ 4 ቀን 2012 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘውና በተለምዶ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲፈለግ ከቆየው ከሂግስ ቦዞን (ቅንጣቶች ግዝፈት የሚያገኙበትን መንገድ ያስረዳል ተብሎ ከተተነበየ ቅንጣት) ጋር የሚመሳሰል አዲስ ቅንጣት ማግኘታቸውን አስታወቁ። የድርጅቱ የወቅቱ ዋና ዳይሬክተር ሮልፍ ዲተር ሆየር ውጤቱን ያስቻሉትን ሲያመሰግኑ ሦስት ነገሮችን አነሡ፤ ቅንጣቶቹን የሚያጋጨውን ማፍጠኛ፣ ግጭቱን የሚመዘግቡትን መሣሪያዎችና የግሪድ ስሌትን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን 100 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች የወረደ ሰው በዓይኑ ያያቸዋል። ሦስተኛውን ግን ማንም አንድ ቦታ ቆሞ ሊያየው አይችልም፤ በዚያን ጊዜ ከ30 በሚበልጡ አገሮች፣ ከመቶ በሚበልጡ ማዕከላት ተበትኖ የሚሠራ፣ አንድም አዛዥ የሌለው የኮምፒውተሮች ስብስብ ነበርና። ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ያንን ሦስተኛውን ነው፤ ለምን እንዳስፈለገ፣ እንዴት እንደተሠራ፣ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስከፈለ።

ለአንድ ቤት የበዛ መረጃ

ማፍጠኛው፣ ማለትም ታላቁ የሀድሮን ማጋጫ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር የተቆፈረ ቀለበት ነው። በውስጡ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚከንፉ የፕሮቶን ጭፍሮች በሴኮንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ፤ ከዚህም በሴኮንድ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ግጭት ይፈጠራል። ይህን ሁሉ መመዝገብ የሚችል መሣሪያ የለም፤ ስለዚህ በመመርመሪያዎቹ አጠገብ ያሉ ፈጣን ኤሌክትሮኒክሶችና ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ወዲያውኑ ይጥሉና ጥቂቱን ብቻ ያስቀራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚቀረው በሴኮንድ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ክስተት ነበር። ከዚህ ሁሉ ማበጠር በኋላ የሚቀረው እንኳ በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት በዓመት 15 ፔታባይት፣ ማለትም 15 ሚሊዮን ጊጋባይት፣ እንደሚሆን ተገምቶ ነበር። ግምቱ ሲሠራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሰው ቤቱ ያስቀመጠው ኮምፒውተር የሚይዘው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ሰርን ይህን ለብቻው ለመሸከም አቅም አልነበረውም። የገንዘብ እጥረት አንዱ ምክንያት ነው፤ የሕንፃውና የኤሌክትሪክ ኃይሉ ውስንነትም ሌላው ነው። ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለውና ለእኔ ግን ወሳኝ የሚመስለኝ ሦስተኛው ምክንያት የፖለቲካ ኢኮኖሚ ነው። ምርምሩን የሚደግፉት መንግሥታት ለኮምፒውተር የሚመድቡትን ገንዘብ ጄኔቫ ልከው ከሚጨርሱት ይልቅ በገዛ አገራቸው ዩኒቨርሲቲና ቤተ ሙከራ ቢያውሉት፣ ማሽኑም ባለሙያውም እዚያው ቢቀሩላቸው ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ስሌቱን መበተን የቴክኒክ ጥበብ ብቻ ውጤት አልነበረም፤ ገንዘቡ ራሱ የተበተነ ስለነበረ ኮምፒውተሮቹም ተከትለውት ተበተኑ።

ተበትኖም መሥራት የተቻለው የቅንጣት ፊዚክስ መረጃ ልዩ ጠባይ ስላለው ነው። እያንዳንዱ ግጭት ከሌላው ግጭት ጋር አይገናኝም። ምስር እንደሚለቅሙ ሴቶች ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን ሰፌድ ይዛ ትለቅማለች፣ የጎረቤቷን እጅ አትጠብቅም፣ አንዷ ብትዘገይ የሌሎቹ ሥራ አይቆምም። የአየር ትንበያን የመሰለ ስሌት ግን ግንድ እንደ መሸከም ነው፤ የአንዱ ከባቢ ውጤት በየቅጽበቱ ለጎረቤቱ ከባቢ ስለሚያስፈልግ ተሸካሚዎቹ እኩል መራመድ አለባቸው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በፈጣን ገመድ የተያያዘ ሱፐርኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ባሕር ማዶ ለባሕር ማዶ በተዘረጋ ግሪድ ላይ ቢጫን መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ ፕሮሰሰሮቹ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። ግሪድ ለሁሉም ሥራ ይሆናል ብለው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ተስፋ የሰጡ ሰዎች የዘነጉት ይህንን ልዩነት ነበር።

ኤሌክትሪክ ወይስ ወንፈል?

የግሪድ ስሌት ሐሳብ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ተጠነሰሰ። በ1995 ሳንዲያጎ ላይ በተካሄደው የሱፐርኮምፒውቲንግ ጉባኤ አይ-ዌይ በተባለ ሙከራ 17 ማዕከላት ለአጭር ጊዜ ተያይዘው አብረው ሲሠሩ ታይተዋል። በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ኢያን ፎስተርና ካርል ኬስልማን ከባልደረቦቻቸው ጋር የተራራቁ ኮምፒውተሮችን የሚያያይዝ ግሎበስ የተባለ ሶፍትዌር ሠሩ፤ ግሪድ የሚለው ስያሜም ከኤሌክትሪክ መረብ የተወሰደ ነበር። ማብሪያውን የሚጫን ሰው ኃይሉ ከግልገል ጊቤ ይምጣ ከጣና በለስ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተርም እንዲሁ ይሁን ነው የተባለው።

ንጽጽሩ ለማስተዋወቅ ጥሩ ቢሆንም ጉዳዩን በትክክል አይገልጸውም። ኤሌክትሪክ ከየትም ቢመጣ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለቤት አለው፣ ቆጣሪ አለው፣ ሒሳብ ይከፈልበታል። በሰርን ግሪድ ውስጥ ግን ማሽኖቹ የተለያዩ፣ ባለቤቶቹ ብዙ ሲሆኑ በመካከላቸውም ገንዘብ አይተላለፍም። ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ወንፈል ይመስለኛል። በደቦ ባለ ጉዳዩ ደግሶ ሰው ይጠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ሰው ይበተናል። በወንፈል ግን እኩዮች ተስማምተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በተራ ያርማሉ፤ ማንም የማንም ቀጣሪ አይደለም፣ የወጣው ጉልበት ግን ይቆጠራል፣ ይመለሳልም። በሜይ 1999 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የተጀመረውና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የቤት ኮምፒውተራቸውን ሥራ ፈት ሰዓት ከሕዋ የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ለመመርመር የለገሱበት ሴቲ አት ሆም ደቦ ነበር፤ ማርች 31 ቀን 2020 ሥራ ማከፋፈሉን ሲያቆም ደቦው ተበተነ። ከንግድ ክላውድ፣ ማለትም ኩባንያዎች በኢንተርኔት ከሚያከራዩት ኮምፒውተር፣ የሚገዛ ስሌት ደግሞ የቀን ሠራተኛ መቅጠር ነው። የሰርን ግሪድ ወንፈል ነው፤ ትሩፋቱም ዕዳውም የሚመነጩት ከዚሁ፣ አዛዥ ከሌለው የእኩዮች ስምምነት ነው።

እርከኖቹ

በ1999 ሞናርክ የተባለ የጥናት ፕሮጀክት የማዕከላቱን አደረጃጀት በእርከን ነደፈ። ዜሮ እርከን ሰርን ራሱ ነው፤ ጥሬውን መረጃ ተቀብሎ በማግኔት ቴፕ ያኖራል፣ የመጀመሪያውን ስሌት ይሠራል፣ ቅጂውንም ያሰራጫል። አንደኛው እርከን መጀመሪያ 11 በነበሩ ታላላቅ ማዕከላት ተያዘ፤ ከእነዚህም የካርልስሩሄ፣ የሊዮን፣ የቦሎኛ፣ የባርሴሎና፣ በእንግሊዝ የራዘርፎርድ አፕልተን፣ በካናዳ የትሪየምፍ፣ በአሜሪካ የብሩክሄቨንና የፌርሚላብ ማዕከላት ይገኙበታል። እነዚህ ከሰርን ጋር በተለየ የኦፕቲክ ፋይበር መስመር ተገናኝተው የጥሬውን መረጃ ሁለተኛ ቅጂ በጋራ ይይዛሉ፤ በየጊዜው እንደገና የሚደረገውንም ስሌት ይሠራሉ። ሁለተኛው እርከን ከመቶ በላይ በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የተያዘ ሲሆን ድርሻው የምስለት (ግጭትን በኮምፒውተር አስመስሎ የመፍጠር) ስሌትና የተመራማሪዎች የዕለት ተዕለት ትንተና ነው።

የሰርን ምክር ቤት ፕሮጀክቱን በሴፕቴምበር 2001 አጸደቀ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተጀመረው ዳታግሪድ የመጀመሪያውን ሶፍትዌር አቀረበ፤ የሰርን ግሪድ የመጀመሪያ ቅጽም በ2003 በጥቂት ማዕከላት ሥራ ጀመረ። ከ2004 ጀምሮ ተከታታይ የፍተሻ ዘመቻዎች ተካሄዱ። በ2008 ፌብሩዋሪና ሜይ አራቱ የምርምር ቡድኖች፣ አትላስ፣ ሲኤምኤስ፣ አሊስና ኤልኤችሲቢ፣ በአንድ ጊዜ መረጃ ሲያጎርፉ ግሪዱ ይችል እንደሆነ ተፈተነ። ማፍጠኛው በሴፕቴምበር 10 ቀን 2008 ሥራ ጀምሮ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሁለት ማግኔቶች መካከል በነበረ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ብልሽት ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆም፣ ለማሽኑ መሐንዲሶች መከራ የሆነው ጊዜ ለግሪዱ ሰዎች ያልታሰበ ፋታ ሆነላቸው። በጁን 2009 ባካሄዱት ሌላ ታላቅ ፍተሻ መረጃን ከቴፕ አውጥቶ እንደገና ማስላት በየማዕከሉ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለይተው አዩ፤ በማርች 30 ቀን 2010 ግጭቱ በ7 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ) ሲጀመር ግሪዱ ዝግጁ ነበር።

ሥራ የሚውጠው ማሽን

በወረቀት ላይ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ተመራማሪው ሥራውን ለአንድ ደላላ ሶፍትዌር ይሰጣል፤ ደላላው የየማዕከሉን ሁኔታ ከመረጃ ሰሌዳ ላይ አንብቦ ክፍት ወደ ሆነው ይልከዋል። በተግባር ግን ሰሌዳው የሚለውና ማሽኑ ያለበት ሁኔታ አልገጠሙም። ሰሌዳው እስኪታደስ ወረፋው ይለወጣል፤ ባዶ ነኝ ያለ ማዕከል ላይ ሺህ ሥራ ይከመራል። በአንድ ማዕከል የሚገኘው የመረጃ ሰብሳቢ ሲበላሽ ደግሞ የተጠባባቂ ሥራ ቁጥር 444444 ተብሎ ይወጣ ነበር፤ ይህ ምንም መረጃ የለኝም ለማለት የተመረጠ ቋሚ ቁጥር መሆኑን ያላወቀ ጀማሪ ዓለም ሁሉ ወረፋ ላይ የተሰለፈ ይመስለዋል።

ከሁሉም የከፋውን ችግር የግሪድ ሰዎች ጥቁር ጉድጓድ ይሉታል። በአንድ ማዕከል ካሉት በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖች አንዱ ዲስኩ ሞልቶ ወይም የሶፍትዌር ማውጫው ጠፍቶ ሥራ መሥራት ያቅተዋል እንበል። ጤነኛው ማሽን አንዱን ሥራ ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ሲፈጅበት የታመመው ማሽን በጥቂት ሴኮንድ ወድቆበት ባዶ ነኝ ይላል፤ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፣ እሱንም ይጥላል። ስንፍናው እንደ ትጋት ተቆጥሮለት በአንድ ሌሊት የወረፋውን ሥራ ሁሉ ይውጠዋል፤ ጠዋት ቢሮው የገባ ተመራማሪም የሚያገኘው በሺህ የሚቆጠሩ የወደቁ ሥራዎችን ነው። ማሽኑን የሚያውቀው እዚያው ማዕከል ያለው አስተዳዳሪ ብቻ ነው፤ ተመራማሪው ግን ምናልባት በሌላ አህጉር የሚኖር፣ የአስተዳዳሪውን ስም እንኳ የማያውቅ፣ ሊያዘውም የማይችል ሰው ነው።

መፍትሔው ከላይ አልመጣም፤ እያንዳንዱ ቡድን በየፊናው ሲፈልገው የተገኘ ነው። ሥራውን ወደ ማሽኑ መግፋት ቀርቶ፣ ፓይለት የሚባል ባዶ መልእክተኛ ቀድሞ ይላካል። ፓይለቱ ማሽኑ ላይ ሲያርፍ ዲስኩን፣ ሶፍትዌሩንና ማኅደረ ትውስታውን ይፈትሻል፤ ሁሉ ነገር ደኅና ከሆነ ብቻ ወደ ማዕከላዊው ወረፋ ተመልሶ እውነተኛውን ሥራ ይጠራል። ማሽኑ የታመመ ከሆነ የሚጠፋው ባዶው ፓይለት ነው። የኤልኤችሲቢ ዲራክ፣ የአሊስ አሊየን፣ ከ2005 ጀምሮ የተሠራው የአትላስ ፓንዳ በዚህ ዘዴ የተሠሩ ሲሆኑ ሲኤምኤስም ተመሳሳዩን ተከተለ። ሶፍትዌሩን በየማዕከሉ የመጫን ጣጣም በኋላ ሲቪኤምኤፍኤስ በተባለ የፋይል ሥርዓት ተቃለለ፤ ሶፍትዌሩ ሰርን ላይ አንድ ጊዜ ሲታተም ማሽኖቹ የሚያስፈልጋቸውን ቁራጭ ብቻ በኔትወርክ ይጎትታሉ። እነዚህ ሁለቱ ለግሪዱ ያደረጉለት ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው የደላላ ሶፍትዌሮች ይበልጣል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ጉልበት የሚቆጠርበት ስፍር

ወንፈል የሚጸናው የአንዱ ቀን ሥራ ከሌላው ቀን ሥራ ጋር ሲመዛዘን ነው። በግሪዱ ይህ የሚሠራው በመግባቢያ ሰነድ ነው። እያንዳንዱ አገር ለሚቀጥለው ዓመት ይህን ያህል ስሌት፣ ይህን ያህል ዲስክና ይህን ያህል ቴፕ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ገንዘብ ሰጪዎቹ የሚቀመጡበት ቦርድ ቃሉንና ፍጻሜውን ይገመግማል። ለሁለተኛው እርከን ማዕከላት የተቀመጠው የአገልግሎት ዝግጁነት 95 በመቶ ነው። ሰነዱ ግን በሕግ አያስገድድም፤ ቃሉን ያጓደለ ማዕከል የሚደርስበት ቅጣት ቁጥሩ በየወሩ ዘገባ ላይ በሁሉም ፊት መታየቱ ነው። የሚገርመው፣ ይህ በቂ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ስፍሩን መወሰን ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ አንድ የስሌት ክፍል፣ ከሌላ ኮር ጋር እኩል አይደለም፤ የ2005 ፕሮሰሰርና የ2015 ፕሮሰሰር በቁጥር ቢነጻጸሩ አሮጌ ብረት የሞላበት ማዕከል ለጋስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ ኤችኤስ06 የተባለ የፍጥነት መለኪያ የጋራ ስፍር ሆኖ አገለገለ። ከጊዜ በኋላ ይህ መለኪያ እውነተኛዎቹ የፊዚክስ ፕሮግራሞች ከሚሠሩት እየራቀ ስለሄደ በ2023 ከቡድኖቹ የራሳቸው ፕሮግራሞች በተቀመመው ሄፕስኮር23 ተተካ።

ያስገኘው

የግሪዱ ታላቁ ፈተና የሂግስ ውጤት ነበር። በጁላይ 2012 የቀረበው ትንተና ከሴሚናሩ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት እስከ ተመዘገበው መረጃ ድረስ የዘለቀ ነበር፤ በጄኔቫ ሥር የተፈጠረ ግጭት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰልቶ፣ ተሰራጭቶ፣ በብዙ አገሮች በሚገኙ ተመራማሪዎች ተመርምሮ ወደ አንድ ሥዕል ተጠቃሏል ማለት ነው። ፍራንስዋ አንግለርና ፒተር ሂግስ በማግስቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ ግሪዱ 40 ያህል አገሮችን፣ 170 ያህል ማዕከላትን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮሮችንና ከአንድ ኤክሳባይት (አንድ ሺህ ፔታባይት) በላይ ማከማቻ የሚያካትት ሲሆን በቀን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሥራዎችን ያካሂዳል። ከጠቅላላው አቅም ሰርን የሚያቀርበው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ማዕከል በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በመብራት መጥፋት ቢቆም ሥራው ወደ ሌላው ይዞራል፤ የጥሬው መረጃ ቅጂ ከሰርን ውጭም ስላለ አንድ አደጋ ሁሉንም አያጠፋም። የሰዓት ልዩነቱ ሌላ በረከት አለው፤ የቫንኩቨር አስተዳዳሪ ሲተኛ የካርልስሩሄው ነቅቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምገምተው ግን ሌላ ጥቅም ነው። የዲጂታል የምስክር ወረቀት ያለውና የአንዱ ቡድን አባል የሆነ ተመራማሪ፣ ተቋሙ የቱንም ያህል ድኻ ቢሆን፣ ጄኔቫ ውስጥ ከተቀመጠው ባልደረባው ጋር በአንድ ወረፋ ይቆማል። ወደ ግሪዱ ማሽን ይዞ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በአህጉራችን በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ያለው ብሔራዊ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ለአሊስ ቡድን የሁለተኛ እርከን አገልግሎት ይሰጣል፤ ይህን ለማድረግ የማይቆራረጥ መብራት፣ ሰፊ ዓለም አቀፍ መስመርና ሥራውን ቋሚ ያደረጉ ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ተቋም በተጠቃሚነት ቢገባ ያተርፋል፤ በአቅራቢነት ቢገባ ግን የጎደለው ነገር በየወሩ ዘገባ ላይ ሲነበብ ይኖራል።

እምነትና ቁልፍ

አንድ የቦሎኛ ማዕከል ፈጽሞ አይቶት የማያውቀውን የታይፔ ተማሪ ፕሮግራም በማሽኑ ላይ የሚያስኬደው በምን አምኖ ነው? መልሱ በሁለት ደረጃ የተሠራ ነው። በመጀመሪያ በየአገሩ ያለ የታወቀ ሰጪ አካል የሰውየውን ማንነት አረጋግጦ ኤክስ.509 በሚባለው ደረጃ የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሰጪዎቹም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ምናባዊ ድርጅት ተብሎ ተመዝግቦ ይህ ሰው አባሌ ነው ብሎ ይመሰክርለታል። ማዕከሉ የሚያምነው ድርጅቱን ነው፤ ድርጅቱ ለአባሎቹ ዋስ ይሆናል። በወንፈል ልጁን የላከ አባት ለልጁ ሥራ እንደሚጠየቅ ማለት ነው።

ሥርዓቱ በአስተማማኝነቱ ቢመሰገንም በአስቸጋሪነቱ የተማረሩበት ብዙ ናቸው። የምስክር ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አንድ ፋይል ከአሳሹ ወጥቶ፣ ቅርጹ ተቀይሮ፣ ፈቃዱ ተስተካክሎ በትክክለኛው ማውጫ ካልተቀመጠ አይሠራም፤ ስሕተቱን የሚነግረው መልእክትም ለሰው የተጻፈ አይመስልም። ብዙ የዶክትሬት ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት የጨረሰው ከፊዚክስ ጋር ሳይሆን ከምስክር ወረቀቱ ጋር ሲታገል ነው።

አደጋውም የተያያዘ ነው። በሜይ 2020 በአውሮፓ የሚገኙ በርካታ የምርምር ሱፐርኮምፒውተር ማዕከላት ተጠቅተው ለጊዜው ተዘግተው ነበር፤ አጥቂዎቹ ከተለያዩ ተቋማት ተጠቃሚዎች የተሰረቀ መግቢያ ይዘው ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው ተሻግረው፣ በከፊሎቹም ላይ የዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ ፕሮግራም ተክለው ተገኙ። የተጠቁት ሱፐርኮምፒውተሮች እንጂ የሰርን ግሪድ ባይሆንም ትምህርቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ በሮች እርስ በርስ ሲከፈቱ የአንዱ ቸልተኝነት የሁሉም ሥጋት ይሆናል። ግሪዱ ለዚህ የጋራ የጸጥታ ቡድን አቋቁሟል፤ ተጠርጣሪ ተጠቃሚን በሁሉም ማዕከል በአንድ ጊዜ ማገድ የሚቻልበት መንገድም አለ።

ያስከፈለው

የግሪዱ ዋጋ ከማሽኑ ይልቅ በሰው ላይ ይታያል። 170 ማዕከል ማለት 170 ጊዜ የሚገዛ፣ የሚጫን፣ የሚታደስ፣ የሚጠገን ሥርዓት ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ያስፈልጋሉ፣ አንዱ ሥራ ቢለቅ ትንሹ ማዕከል ይሽመደመዳል። አንድ ግዙፍ የክላውድ ኩባንያ በአንድ ትእዛዝ ሺህ ማሽን ሲያድስ፣ በግሪዱ አንድ የሶፍትዌር ለውጥ እስኪዳረስ ወራት ያልፋሉ፤ ለምኖ፣ አስታውሶ፣ በየስብሰባው አንሥቶ ነው የሚጠናቀቀው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በኖርዲክ አገሮች የተለያዩ የግሪድ ሶፍትዌሮች ስላሉ፣ ማከማቻውም በአራትና በአምስት ዓይነት ሥርዓት ስለሚሠራ፣ እነርሱን የሚያገናኝ ሌላ ሶፍትዌር፣ የሚያገናኘውንም የሚከታተል ሌላ ሶፍትዌር ተጨመረ።

የእርከኑ ሥርዓትም ራሱ ብክነት ነበረው። መጀመሪያ የተነደፈው ኔትወርክ ደካማና ውድ ይሆናል ተብሎ ስለነበረ መረጃው ቀድሞ በየማዕከሉ ይከፋፈልና ሥራው መረጃውን ተከትሎ ይሄድ ነበር። ኔትወርኩ ግን ከተጠበቀው በላይ ፈጠነ፤ በየቦታው ከተደረደሩት ቅጂዎች ብዙዎቹም አንድም ቀን ያልተነበቡ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ከ2010 በኋላ የእርከኖቹ ወሰን ላላ፤ ማንኛውም ማዕከል ከማንኛውም መቅዳት፣ ከሩቅም ማንበብ ጀመረ፤ ተፈላጊ ያልሆነ ቅጂም ይሰረዝ ጀመር። የመጀመሪያው ንድፍ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም፤ በጊዜው የነበረውን ዋጋ ተከትሎ የተሠራ ነበር።

የሶፍትዌር ዕድሜም ሌላ ዕዳ ነው። በ2017 የግሎበስ አዘጋጆች ለክፍት ሶፍትዌሩ የሚሰጡትን ድጋፍ እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ግሪዱ የምስክር ወረቀቱንም የፋይል ማስተላለፊያውንም የተከለው በዚያው ሶፍትዌር ላይ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ኮዱን ተረክበው ራሳቸው መጠገን ጀመሩ፤ ጎን ለጎንም ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት የድረ ገጽ ፕሮቶኮልና በአጭር ጊዜ ዲጂታል ማለፊያ ለመተካት ዓመታት የሚፈጅ ሽግግር ውስጥ ገቡ። በሌላ አነጋገር፣ ለራሱ የተለየ ቋንቋ የፈጠረው ግሪድ ተናጋሪዎቹ እያነሱበት ሲሄዱ ወደ ገበያው ቋንቋ ተመለሰ።

ታዲያ ለምን ጠቅላላውን ወደ ንግድ ክላውድ አላዞሩትም? አማዞን በ2006 የክላውድ ማሽን ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ጥያቄው ሳይነሣ የቀረበት ዓመት የለም፤ የምርምር ቡድኖቹም በተደጋጋሚ ሞክረውታል። የኪራይ ዋጋ የሚጠቅመው ፍላጎቱ አንዳንድ ቀን የሚያብጥ፣ አንዳንድ ቀን የሚያርፍ ሰው ነው። የግሪዱ ማሽኖች ግን ሌት ተቀን፣ በዓልም ሳይሉ፣ ሙሉ ናቸው፤ ዓመቱን በሙሉ በሬ የሚያስፈልገው ገበሬ በሬ ይገዛል እንጂ አይከራይም። በዚያ ላይ ኩባንያዎቹ መረጃ ሲገባ ያላስከፈሉትን ሲወጣ ያስከፍላሉ፤ በመቶ ፔታባይት የሚቆጠር መረጃ ለያዘ ተቋም ይህ መውጫ የሌለው በር ይሆናል። ስለዚህ ክላውዱ የዘመቻ ጊዜ ረዳት ሆኖ ቀረ። ከክላውዱ ዓለም ግሪዱ የወሰደው ዘዴውን ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን (በእውነተኛው ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) እና ኮንቴይነር (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የሚታሸግበት ዘዴ) ዛሬ በየማዕከሉ የተለመዱ ናቸው።

ቀጣዩ ማሳ

የማፍጠኛው የላቀ ብርሃን የተባለው፣ የግጭቱ ብዛት በእጅጉ የሚጨምርበት ምዕራፍ በ2030 ገደማ ሲጀምር የሚመጣው መረጃ እስካሁን ከነበረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የገንዘብ ሰጪዎቹ በጀት ግን ባለበት እንደሚቆይ ነው የሚነገረው። ሰርን በፈረንሳይ ድንበር ውስጥ በፕሬቬሳን አዲስ የመረጃ ማዕከል በ2024 መርቆ ከፍቷል፤ ኃይሉ በደረጃ እስከ 12 ሜጋዋት ሊደርስ ይችላል፣ ከማሽኖቹ የሚወጣው ሙቀትም ሕንፃዎችን እንዲያሞቅ ታስቧል። ይህም ቢሆን የሚበዛው ድርሻ እንደ ቀድሞው ከውጭ ነው የሚመጣው።

አሁን ወንፈሉን የሚፈትነው አዲስ ነገር ጉልበቱ ዓይነቱን እየለወጠ መምጣቱ ነው። አሊስና ኤልኤችሲቢ ከ2022 ጀምሮ ግጭቱን በቅጽበት ለማበጠር የግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን፣ ማለትም ለምስል ሥራ ተፈጥረው ብዙ ስሌት ጎን ለጎን የሚሠሩትን፣ በስፋት ይጠቀማሉ። ብዙ መንግሥታትም ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በእነዚሁ ፕሮሰሰሮች በተሞሉ ብሔራዊ ሱፐርኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ለፊዚክስ ቡድኖች የሚሰጡት ለተወሰኑ ወራት በማመልከቻ እንጂ ዓመት ከዓመት አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣን ፓይለትም በቀላሉ አያስገቡም። ቃል የሚገባበት ስፍር የተሠራው ለተራ ፕሮሰሰር ነው፤ አንዱ አገር አንድ ሺህ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ለሦስት ወር ቢያመጣ፣ ሌላው አሥር ሺህ ተራ ኮር ዓመቱን ሙሉ ቢያቀርብ፣ በየትኛው ስፍር ይተካከላሉ? የመለኪያው ባለሙያዎች አሁን የተቀመጡት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።